ፊቱ የተሸፈነ እንግዳ

"ምን ይላል?" አለ አሕመድኑር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ።

ጠዋት ጠዋት የሚጠይቃት ይህንን ነው። ዙሀራ ከጀርባው ተንበርክካ የወገቡን አጥንት፣ ዳሌዎቹን፣ ሁለቱን ተረከዞቹን በዓይኗም በጣቶቿም ትመረምራለች። ከእምብርቱ በታች ያለውን ገላውን እሱ የሚያውቀው ከእሷ አፍ ነው።

"ንጹሕ ነው።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

መሐላው የተጀመረው ደሴ ሆስፒታል ነበር። ጅዳ ላይ ከሕንፃ መወጣጫ ወድቆ አከርካሪው ከተሰበረ በኋላ፣ አገሩ ገብቶ በተኛባቸው ወራት፣ ወገቡ ላይ የወጣች አንዲት ቀይ ነጥብ ማንም ሳይነግረው ጉድጓድ ሆነች። ትኩሳቱ በመከራ ሲበርድ ሐኪሙ ዙሀራን ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ፣ "ከዚህ ገላ ላይ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቁስል ከተከፈተ አይመለስም" አላት። አሕመድኑር ከዚያ ወዲህ ከሚስቱ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያየችውን እንዳትደብቀው። እሷም ደብቃው አታውቅም።

ዛሬ መዳፎቿ በሂና ቀልተዋል። የታናሽ እህቷ የፈርሂያ ኒካህ ነው። ገላውን አጠበችው፤ ጢሙን በግድግዳው ሥር በቆመችው መስታወት ፊት ላጨችው፤ ነጩን ጀለቢያ አለበሰችው፤ የሽንቱን ቱቦ ማንም እንዳያየው ከጀለቢያው ሥር ከጭኑ ጋር አሰረችው። እሱ እጆቿን ያይ ነበር።

የሚኖሩት ከመካነ ሰላም ገበያ በስተጀርባ፣ ከመንገዱ ከፍ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከደጃፉ ሥር የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ከደረጃው ሥር የጎርፍ መውረጃ፤ ከዚያ ወዲያ ኮረት። ዊልቸሩ ከመጣ ጀምሮ ያን ደረጃ አልወረደም። ዊልቸሩ ላይ ልብስ ይሰጣበታል። ለዒድ እንውጣ ብላ ስትለምነው፣ "ሰዉ ጎማውን ነው የሚያየው፤ ጎማውን ብቻውን ላኪው" ብሎ ቀረ። ባለፈው ሳምንት ግን ማንም ሳይጠይቀው፣ "ለፈርሂያ ኒካህ አባትሽ ቤት እሄዳለሁ" አለ። ዙሀራ የያዘችውን ሳሕን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች፤ የሚያያት እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ከደስታ ነበር።

አባቷ ቤት መሄድ ለአሕመድኑር ቀላል ነገር አይደለም። ሸህ እንድሪስ ከሸለቆው ማዶ ያለው አገር ሁሉ ቁርአን የቀራባቸው ሰው ናቸው። እሱ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ነው። ልጃቸውን ሲጠይቅ፣ "በምን ቤት ልታኖራት?" ነበር ያሉት። እሠራላታለሁ ብሎ አገባት፤ ያንን ቤት ሊሠራ ነው ጅዳ የወረደው፤ ከዚያም ማታ ማታ በስልክ ድምፁን ይልክላት ነበር። "ዛሬ መስኮቱን ወዴት እንደማዞረው አሰብኩ" ይላል አንዱ። ዙሀራ እስከ ዛሬ አላጠፋችውም።

"ሐጂ! ተነሣ እንጂ፤ ባጃጁ ቤንዚን እየጠጣብኝ ነው!"

ንጉሡ ነው፤ ጎረቤታቸው፣ የአሕመድኑር የልጅነት ጓደኛ።

"አንተ፣ እኔን ነው ተነሣ የምትለኝ?"

"አፌን! እሺ፣ ላንሣህ። ወላሂ ዛሬ ሙሽራውን ታስንቀዋለህ።"

"ክርስቲያን ሆነህ በአላህ ስትምል አታፍርም?"

"ካንተ ጋር ስኖር ተጋባብኝ፤ ምን ላድርግ?" ንጉሡ አቅፎ ብድግ አደረገው። "ኧረ ዙሀራ፣ ምን እያበላሽው ነው? በሬ ነው የሆነው!"

አሕመድኑር ሳቀ። ዙሀራ ያን ሳቅ ከሰማች ብዙ ጊዜዋ ነው። በሳቁ መካከል ግን ንጉሡን ስታየው፣ ንጉሡ ዓይኑን መለሰ፤ የሚያውቀውን ነገር እንደሚሸሽ ሰው። ደስታዋ እንደሞላ ነበር፤ ከሥሩ ግን አንድ ቀዝቃዛ ነገር ገባበት።

*

ባጃጅ የሚሄደው መንገዱ እስከሚቆረጥበት ገደል አፍ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ደግሞ ሽቅብ ወደ ሸህ እንድሪስ መንደር፣ የእግር መንገድ ብቻ ነው። የመንደሩ ቅሬ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ይጠብቋቸው ነበር። በዚያ አገር ሙቱን የሚቀብረው፣ በሽተኛውን መኪና እስከሚደርስበት የሚሸከመው ቅሬው ነው። ቃሬዛውም ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሁለት የባሕር ዛፍ አግዳሚ፣ በመካከሉ በጠፍር የተሠራ።

"ለሠርግ ስንሸከም የዛሬው የመጀመሪያችን ነው" አለ አለምነው የሚባለው ረጅሙ ተሸካሚ። "ለሌላው ጊዜ የምንለውን እናውቃለን። ለዚህ ምን እንበል?"

"ዝፈኑለት!" አለ ንጉሡ።

"ቀስ ብላችሁ ከያዛችሁኝ ይበቃኛል" አለ አሕመድኑር። "አንድ ጊዜ ወድቄ አይቼዋለሁ፤ አይመችም።"

ሳቁ። ብርድ ልብስ አንጥፈው አስተኙት፤ በመቀነት አሰሩት። ዊልቸሩ ባጃጁ ውስጥ ቀረ። ቁስል እንዳይወጣበት ሁልጊዜ ከመቀመጫው ሥር የምታደርግለት የተነፋ የጎማ ላስቲክም አብሮ ቀረ። ዙሀራ አላስታወሰችውም፤ ልቧ ወንዙን ተሻግሮ ነበር። ከማዶ ድቤ ይሰማል። ተሸካሚዎቹ እውነትም ማዜም ጀመሩ። አሕመድኑር በጀርባው ተኝቶ ሰማዩን ያያል፤ ከጣራ ሥር ከዋለ ስንት ጊዜው ነው! በዚያች ቁልቁለት ላይ ዙሀራ ከቃሬዛው ጎን እየሮጠች፣ ከሠርጓ ቀን ወዲህ ያልነካት ነገር ተሰማት። ባለባል መሆኗ ተሰማት።

ወንዙን ተሻግረው ሽቅብ ሲጀምሩ ጉሙ ወረደ፤ የበልግ ካፊያ በነፋስ ተገፍቶ ፊት ይመታ ጀመር። አቀበቱ ተሸካሚዎቹን ዝም አሰኛቸው። እሱ በተኛበት ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። ዙሀራ ነጩን ነጠላዋን አወለቀችና ከአናቱ እስከ ደረቱ አለበሰችው።

"እንዲህ ይሻልሃል?"

"ይሻላል" አለ ከሥሩ።

ያደረገችውን አላሰበችውም። ከአንገቱ በላይ የተሸፈነ ሰው፣ በዝምታ የሚወጡ ተሸካሚዎች፣ ከኋላ ነጠላዋን የጣለች ሴት። ከሠርጉ ቤት ደጃፍ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ይህ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ድቤው ቆመ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ጮኸች። ከዚያ ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ አገሩ ሁሉ ኡኡታ ሆነ። ለሠርግ የለበሱ ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሸረጡ፣ ፊታቸውን እየነጩ በአቀበቱ ቁልቁል ፈሰሱ። ከፊት የዙሀራ አክስት ዘሊካ ነበረች።

"ወይኔ አሕመድኑር! ጅዳ ያልጨረሰህ ልጅ! በፈርሂያ ሠርግ ቀን መጣህብን ወይ!"

"አልሞተም!" አለች ዙሀራ። ትንፋሿ አቀበቱ ላይ አልቋል፤ ድምፅዋ ከጩኸቱ ሥር ቀረ። "አልሞተም! እቴ ዘሊካ፣ አልሞተም!"

ዘሊካ ቃሬዛው ላይ ወደቀች። ለቅሶ የሰውን ልብ እንዳለ ያወጣዋል፤ የዘሊካንም አወጣው።

"አረፍክ ልጄ! አንተም አረፍክ፣ ልጃችንም አረፈች! ወጣትነቷን አልጋ ሥር ቀብራ... እሷም አረፈች!"

"አረፈች!" አሉ ሴቶቹ ተቀብለው።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ ከበላይ የደረሱት ሸህ እንድሪስ። ድምፃቸው ውስጥ ሐዘን ነበር። ከሐዘኑ ጀርባ ደግሞ ዙሀራ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው፣ ሸክም ሲወርድላቸው የሚተነፍሱት ረጅም ትንፋሽ ነበር።

ዙሀራ ዓይኗን ወደ ነጠላው መለሰች። ጨርቁ ከአፉ ላይ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል። እጆቹ ደኅና ናቸው፤ ቢፈልግ ሊገልጠው ይችላል። አልገለጠውም። ሁሉንም እየሰማ፣ ሁሉንም እየተቀበለ፣ በራሱ ለቅሶ ሥር እንደ ሙት ተኝቷል። ዙሀራ ያን ጊዜ የፈራችውን ያህል ደሴም አልፈራችም።

*

ነጠላውን ራሷ ገለጠችው።

ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። ዘሊካ እንደተቃጠለች እጇን ሰበሰበች። የአሕመድኑር ዓይኖች ክፍት ነበሩ፤ ከሁለቱም ጠርዝ እንባ ወደ ጆሮው ይወርዳል።

"ምነው ገለጥሽኝ?" አለ በለሆሳስ። "ደኅና አልቅሰውልኝ ነበር።"

"አውፍ በለኝ ልጄ፤ አውፍ በለኝ..." ዘሊካ መሬቱ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ትመታ ጀመር። "ከካፊያ የተሸፈንክ ነው ብዬ መች አሰብኩ!"

"ምንም አይደል እቴ ዘሊካ። ያልሽው እውነት ነው።"

ሸህ እንድሪስ ተጠጉና ቃሬዛውን እንዲያወርዱት በእጃቸው አመለከቱ። "አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለህ። ዘሊካ ስታለቅስ አታስብም፤ ይቅር በላት። ግቡ፤ ቤት ለእንግዳ ነው።"

"አልገባም አባባ ሸህ።" አሕመድኑር በክርኑ ተደግፎ ቀና ለማለት ሞከረ፤ ንጉሡ ከትከሻው ያዘው። "ለሠርጉ ብቻ አልመጣሁም። ልጅዎን ከእጅዎ ተቀብያለሁ። የምሠራላትን ቤት ነግሬዎት ነበር። አልሠራሁትም። አገር በተሰበሰበበት ልመልስልዎት ነው የመጣሁት።"

ዙሀራ ወደ ንጉሡ ዞረች። ንጉሡ መሬት መሬቱን አየ። ጠዋት ዓይኑን ያሸሸባት ለዚህ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያጠበችው ጀለቢያ፣ ያሞቀችው ውኃ፣ በጓሮው ያፈሰሰችው የደስታ እንባ፣ ሁሉም ለዚህ ነበር። ራሷ ነበረች ወደ ፍቺዋ ያሰናዳችው።

"አሕመድኑር፣ ተው" አለች። "በአላህ፣ ተው።"

እሱ አላያትም። ቢያያት እንደማይችል ያወቀ ይመስል ዓይኑን ከሸሁ ጥምጣም ላይ አላነሣም።

"ምስክር ሁኑኝ። ዙሀራ፣ ፈትቼሻለሁ።"

ሦስት ከሞላ መመለሻ የለውም፤ ከንፈሩ ሁለተኛውን ሊል ሲከፈት መዳፏ አፉ ላይ ደረሰ። ሂና የቀላው መዳፏ አፉን፣ አፍንጫውን፣ እንባውን ሸፈነ። ከእጇ ሥር ቃሉ ሲንቀሳቀስ፣ እንደታነቀ ወፍ ሲፈራገጥ ተሰማት፤ አለቀቀችውም፤ እስኪተው ያዘችው። ከዚያ ቀና ብላ አባቷን አየች።

"አንድ ነው ያለው" አለች። "ሁላችሁም ሰምታችኋል። አባባ፣ አንድ ነው።"

ሸህ እንድሪስ ከቃሬዛው ወደ ቤታቸው ደጃፍ ተመለከቱ። ልጃቸው በደጃቸው ቆማለች፤ ቤታቸው ክፍት ነው፤ የሚፈልጉት ነገር ከአንድ ቃል ርቀት ላይ ነው። ከበሩ ላይ ሙሽራዋ ፈርሂያ ዓይነ ርግቧን ገልጣ ታለቅሳለች።

"አንድ ነው" አሉ በመጨረሻ። እያንዳንዱ ቃል ከአፋቸው እየከበደ ወጣ። "በአንድ የተፈታች ሴት ዒዳዋን፣ የመጠበቂያ ወራቷን፣ የምትቆጥረው በባሏ ቤት ነው። እኔ ላስቀርሽ ብል ሐቅ አይደለም። ዒዳው ሳያልቅ ልመልስ ካለ፣ አንድ ቃል ይበቃዋል። ካላለ..." አልጨረሱትም። "እስኪመልስሽ ድረስ ግን እጅሽ እሱን አይነካም። ይህንንም እወቂ።"

ዙሀራ መዳፏን ከአፉ አነሣች። ሂናው ላይ የእሱ እንባ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ፊቱን ታብሰው ነበር፤ ዛሬ እጇን እንባውን እንደያዘ በደረቷ ላይ አጠፈችው።

እህቷን ሳመቻት። "ሳቂ፤ ቀንሽ ነው" አለቻት። ከዚያ ለተሸካሚዎቹ፣ "እንሂድ" አለች፤ "ቤቴ ሩቅ ነው።" ከኋላቸው ድቤው እንደገና አልተመታም። ያን ዝምታ ለእህቷ የሰጠችው እሷ መሆኗን እያሰበች፣ ቁልቁለቱን ወረደች።

*

ወንዙ ዳር ተሸካሚዎቹ ሊያርፉ ቃሬዛውን አወረዱ።

ዙሀራ ራቅ ብላ ቆመች። እንዲህ ሳይገለበጥ ብዙ ተኝቶ አያውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን እስካሁን ስንት ጊዜ ገልብጣው ነበር።

"ንጉሡ፣ መገልበጥ አለበት" አለች።

"ነይ እንጂ ታዲያ፤ እኔ መች አውቅበታለሁ?"

"እኔ አልችልም።"

ንጉሡ ወደ ቃሬዛው ሄደ። ከዚያ ተንበርክኮ ከጉልበቱና ከትከሻው ያዘው፤ ሲያዞረው የአሕመድኑር ቀኝ እግር በድንገት ተወረወረ፤ ብርድ ልብሱን ረግጦ ተንቀጠቀጠ።

"ተንቀሳቀሰ!" አለ አለምነው ብድግ ብሎ። "እግሩ ተንቀሳቀሰ! አያችሁ? አልሐምዱሊላህ!"

ተሸካሚዎቹ ተሯሯጡ። አንዱ መሬቱን ሳመ። ዙሀራ የሁሉንም ፊት አየች፤ ያን ደስታ የምትገድለው እሷው ነበረች።

"ጅማቱ ነው" አለች። "በራሱ ይዘላል። እሱ አያውቀውም።"

አንድ በአንድ ተቀመጡ።

"ዙሀራ" አለ አሕመድኑር።

"አቤት።"

"ለምን ተከተልሽኝ? ዘሊካ ያለችውን ሰምተሻል። እኔ ራሴ አይቼሻለሁ።"

"ምን አየህ?"

"ጢሜን የምትላጪበትን መስታወት ከግድግዳው ሥር ታቆሚዋለሽ። ጀርባዬን ስታዪ እኔ ፊትሽን አያለሁ። አንድ ጠዋት... ግንባርሽ ተጨማደደ፤ ከንፈርሽን ነከስሽ፤ ዓይንሽን ጨፈንሽ። ከዚያ 'ንጹሕ ነው' አልሽኝ፤ ወላሂም አልሽ። ገላዬ ንጹሕ ከሆነ፣ የጠላሽው እኔን ነው አልኩ።"

ዙሀራ ያን ጠዋት አስታወሰችው። እንዴት ትረሳዋለች? ወገቡ ላይ ቀይ መስመር አይታ ነበር። ሐኪሙ በኮሪደሩ የነገራት በጆሮዋ ጮኸባት። ከዚያ በጣቷ ስታሸው መስመሩ ጠፋ፤ የአንሶላው እጥፋት ያተመው ነበር።

"የሞትክብኝ መስሎኝ ነው" አለች። "ያየኸው እሱን ነው።"

አሕመድኑር ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ተሸካሚዎቹን አየ። "ሰዎች፣ ስሙኝ። መልሼአታለሁ። ዙሀራ፣ መልሼሻለሁ።"

ንጉሡ "እሰይ!" ብሎ ተነሣ። ዙሀራ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"ለጀርባህ ብለህ ከሆነ አልመጣም" አለች። "ለጀርባህ ንጉሡን አስተምረዋለሁ።"

"ለጀርባዬ አይደለም።"

"ታዲያ ለምንህ?"

"ነጠላው ሥር ሆኜ..." ዓይኑን ወደ ነጠላዋ አዞረ። "አገር ሲያለቅስልኝ አንቺን ጠበቅሁ። የምታለቅሺ ከሆነ ልሙት አልኩ። አንቺ ብቻ አላለቀስሽም። 'አልሞተም' አልሽ። ያን ሰምቼ ነው ቸኩዬ የፈታሁሽ፤ አንድ ጊዜ ደግመሽ ብትይው መለየት እንደሚያቅተኝ ስላወቅሁ።"

ያን ጊዜ ቀረበች። ተሸካሚዎቹ ሳይነገራቸው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ከጀርባው ተንበርክካ ጀለቢያውን ሰበሰበች፤ እጇን የለመደው ቦታ ላይ አሳረፈች። እጇ እርጥብ ሆነ። የቃሬዛው ጠፍር የተቋጠረበት ቦታ፣ ከወገቡ አጥንት ላይ፣ ቆዳው ተገፎ ቀይ ሥጋ ይታያል።

"ምን ይላል?" አለ አሕመድኑር።

መስታወት የለም። ፊቷን የሚያይበት ምንም ነገር የለም። በጭቃው ላይ ተሳበችና ከፊቱ መጥታ ጎንበስ አለች፤ እንዲያያት።

"ተከፍቷል" አለች።

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

አሕመድኑር አያት። የተጨማደደው ግንባር፣ የተነከሰው ከንፈር። ያን ጠዋት ያየው ፊት ነበር፤ ምንም አልተለወጠም። እጁን ዘርግቶ ከንፈሯን ከጥርሷ አላቀቀው።

"በምን ተከፈተ?"

"በጠፍሩ ቋጠሮ። የተነፋውን ጎማ ባጃጁ ውስጥ ረሳሁት።"

"እንግዲህ ሁለተኛ አንወጣም በይኛ።"

ዙሀራ ብርድ ልብሱን እያጠፈች ከቁስሉ ራቅ አድርጋ በጎኑ ሥር አነጠፈችለት። እጆቿ ሥራቸውን አልሳቱም።

"ሁለተኛ ስንወጣ ጎማውን አንረሳም" አለች።

በጎኑ እንደተኛ አነሡት። ካፊያው እንደገና ጀመረ። ዙሀራ ነጠላዋን ከትከሻዋ ስታወርድ እሱ እጇን ያዘ።

"ፊቴን ተዪው" አለ። "ይርጠብ።"

ነጠላውን ደረቱ ላይ አለበሰችው። ቃሬዛው ሽቅብ ሲጀምር እሷ ከኋላ አልሆነችም፤ እሱ ዓይኑን በገለጠ ቁጥር በሚያያት በኩል ሄደች፤ ፊቷ ላይ ያለውን ፍርሃት ሁሉ ሳትሸፍን።